ከባንኮኒው ማዶ የተማረው ልጄ

ይህን ነገር አሰላ ውስጥ ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ከእኔ አፍ የሰማው ግን ከዚያም ያነሰ ነው። ሰዎች ሲያወሩት ይጨምሩበታል። አንዳንዱ ልጄ በእጁ ቆሞ ነበር ይላል፤ ይህ ውሸት ነው፤ ልጄ በእጁ አልቆመም። እንደ ነበረው ላስቀምጠው ብዬ ብዕር ያነሣሁት ለዚህ ነው። ደግሞም ትናንሽ ልጆች ያሏችሁ ሁሉ የምትማሩበት ነገር አለው ብዬ አምናለሁ።

ዘመኑ ንጉሡ ከዙፋናቸው ከመውረዳቸው ሁለት ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከገበያው በላይ ባለው መንገድ ላይ ጨርቅ፣ ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙናና ላምባ የምሸጥባት አንዲት ሱቅ ነበረችኝ። ከጉራጌ አገር በልጅነቴ የመጣሁት አጎቴን ተከትዬ ነው። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ማንበብ የተማርኩት ስኳር ከምንጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ፊደል የሚያውቅ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ይህቺ ማን ናት? ይህችስ?» እያልኩ አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። በዚህ መንገድ የተማረ ሰው ትምህርትን አጥብቆ ይወዳል፤ በቀላሉ የተማረውን ሰው ደግሞ ይንቃል። እኔ ሁለቱም ነበሩብኝ።

የበኩር ልጄ ግርማ አራት ዓመት እንደ ሞላው ማስተማር ጀመርኩ። ሱቁን ዘግቼ ማስተማር አልችልም፤ ስለዚህ ትምህርቱ በሱቁ ውስጥ ሆነ። ደንበኞች በሚቆሙበት በኩል የሳሙና ሣጥን አኖርኩለትና ላዩ ላይ አቆምኩት። የፊደል ገበታውን ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ ጨርቅ በምለካበት የሜትር እንጨት እጠቁማለሁ። ሲሳሳት እንጨቱን ባንኮኒው ላይ አጮኸዋለሁ። ልጁን መትቼው አላውቅም፤ ድምፁ ይበቃው ነበር። ደግሞ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረኝ። መጽሐፍ በሕፃን እጅ አይያዝም። ይቀደዳል፣ ቅባት ይነካዋል። እኔ እይዛለሁ፣ እሱ ያያል። ትምህርቱ ሲያልቅ መጽሐፉ ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል።

በዓመቱ ፊደሉን ጨርሶ መልእክተ ዮሐንስ ገባ። ጥርሱን ያልነቀለ ሕፃን እንደ ዲያቆን ሲያነበንብ ደንበኛው ሁሉ ስኳሩን ይዞ ቆሞ ይሰማ ነበር።

ከእነዚያ ሰሚዎች አንዱ ኦቦ ቱፋ ነው። ከበቆጂ ገብስ እያመጣ የሚሸጥ፣ ሸጦ ሲጨርስ ደግሞ ከሱቄ በረንዳ የማይነሣ ወዳጄ ነበር።

«ያ ወልዴ፣ ይህን ልጅ ምን ልታደርገው ነው?» ይለኛል በኦሮምኛ አጠራሩ።

«ዶክተር።»

«ጥሩ ነው። ዶክተር ሲሆን መጀመሪያ አንተን ያክምህ። ፊትህ ከሣቀ ስንት ክረምት አለፈው?»

ልጄ ላይ የማልወደው አንድ ጠባይ ብቻ ነበር። መንገድ ላይ ስንሄድ ድንገት ይቆምና ጎንበስ ብሎ በሁለት እግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ያያል። በቡና ቤቱ በር ላይ፣ በመድኃኒት ቤቱ በር ላይ፣ በልብስ ሰፊው በር ላይ፤ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ። እኔ ይህን ብልግና ነው ብዬ ጆሮውን እቆነጥጠው ነበር። እናቱ አስካለ ግን ሌላ አስተያየት ነበራት። እንደምታውቁት በአገራችን ሕፃን ልጅ አጎንብሶ በእግሮቹ መካከል ካየ እንግዳ ይመጣል ይባላል። ስለዚህ ልጁ አጎነበሰ የሚል ወሬ በሰማች ቁጥር ሽሮው ላይ ውኃ ትጨምራለች። እንግዳውም አይቀርም፤ ኦቦ ቱፋ ነው። ኦቦ ቱፋ ልጁ ቢያጎነብስም ባያጎነብስም የሚመጣ ሰው ነበር፤ ለአስካለ ግን ትንቢቱ በየጊዜው ይፈጸምላት ነበር።

ግርማ አምስት ዓመቱን ሲይዝ አንደኛ ክፍል ላስገባው ቆረጥኩ። የሚገባው በሰባት ዓመቱ ነው። ነገር ግን የሚያነብ ልጅ ሁለት ዓመት ቁጭ ብሎ ምን ይጠብቃል? ለገበያው ሰው በሙሉ «ልጄ ዘንድሮ ተማሪ ነው» ብዬ ነገርኩ። ይህን ካልኩ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ የለም።

በዚያው ሰሞን የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ መዋለ ሕፃናት ተከፈተ። አንዳንድ የመንግሥት ሠራተኞች ልጆቻቸውን እዚያ ያስገቡ ጀመር። ምን እንደሚማሩ ስጠይቅ «ይጫወታሉ» አሉኝ። ለጨዋታ ትምህርት ቤት መክፈት ለእንቅልፍ አስተማሪ መቅጠር ነው ብዬ በረንዳዬ ላይ ተናገርኩ። ንግግሬ በከተማው ተወደደልኝ፤ እኔም ደጋገምኩት።

የምዝገባው ሰኞ ደረሰ። በዚያን ጊዜ የልደት ምስክር ወረቀት ያለው ልጅ ስለማይገኝ፣ ዕድሜ የሚለካው በክንድ ነው። ልጁ ቀኝ እጁን በጭንቅላቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ከያዘ ደርሷል፤ ካልያዘ አልደረሰም። አስካለ ይህን ስለምታውቅ ቀደም ብላ ማታ ማታ ክንዱን በቅቤ እያሸች ስትስበው ከርማለች።

የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ቀጭንና ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ከኋላችን ወላጆች እስከ በሩ ተሰልፈዋል።

«እስቲ ጆሮህን ያዝ የኔ ልጅ» አለው።

ግርማ እጁን በጭንቅላቱ ላይ አሳለፈ። ፊቱ እስኪቀላ ተዘረጋ። ጣቱ ከጆሮው በላይ ፀጉሩ ላይ ቆመ።

«ነካ» አልኩ።

«አቶ ወልዴ፣ የነካው ፀጉሩን ነው።»

«ፀጉሩም የጆሮው ጎረቤት ነው።»

«ጎረቤት አንመዘግብም» አለና ከኋላ ያለው ሰልፍ ሳቀ።

ወደ ጠረጴዛው ተጠጋሁ። «ጌታዬ፣ የሚያነበው ክንዱ አይደለም። መጽሐፍ ይስጡትና ይዩት።»

ዲሬክተሩ ቅር ሳይለው የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ አወጣ። ጨዋ ሰው ነበርና መጽሐፉን ወደ ልጁ አዙሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት። ግርማ አየው። እኔን አየኝ። እንደገና መጽሐፉን አየ። ዝም አለ።

«አንብብ እንጂ።»

ዝም።

ዲሬክተሩ በጣቱ አንዲት ፊደል ነካለት። «ይህቺ ማን ናት?»

ልጄ ራሱን ነቀነቀ። ሰልፉ አሁን አልሳቀም፤ ይህ ከሳቁ ባሰብኝ። ዲሬክተሩ አዘነልኝ። «ደንግጦ ይሆናል፤ ነገ ይመለሱ» አለኝ።

እጁን ይዤ እየጎተትኩ ወደ ሱቅ ተመለስኩ። ሣጥኑ ላይ አቆምኩት። መጽሐፉን ገለጥኩ። ንባቡ እንደ ውኃ ፈሰሰ። አንድ ሆሄ አልሳተም።

«ታዲያ እዚያ ምን ሆነህ ነው?»

«የእነሱ መጽሐፍ እንደኛ አይደለም።»

«ፊደል የትም ፊደል ነው!»

«የእነሱ ሌላ ነው፣ አባዬ።»

ውሸት ጀመረ ብዬ እንጨቱን አጮኽኩ። አስካለ ከጓዳ ሮጣ ወጣች።

«የግርማ አባት፣ ልጁን አትቆጣ። ሰልፉ ላይ ማን ማን ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የአገሩ ሰው።»

«ተበላ! በሉብኝ ልጄን! ዓይን ነው ይህ። ሱቅህ ውስጥ እንደ ካህን አስጮኽከው፤ እንዴት አይበሉት?»

ኦቦ ቱፋ ከበረንዳው አንገቱን አስገባ። «ማሊ? ምን ሆነ?» ነገሩን ሰማና አሰበበት። «ዓይን አይደለም። ልጁ ብልጥ ነው። ካነበበ እዚያ ጥለኸው እንደምትመጣ ገብቶታል። እኔም ብሆን ዝም እል ነበር።»

በማግሥቱ አስካለ ኪሱን ሙሉ ጤናዳም ሞላችለት። እኔም «የእነሱ ሌላ ነው» ብሎ እንዳያሳብብ የራሳችንን መልእክተ ዮሐንስ በጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኩ። ቢሮው በጤናዳም ሽታ ታወደ። ዲሬክተሩ መጽሐፌን በሁለት እጁ ተቀበለኝ፣ ተሳለመው፣ ገለጠው፣ እንደ ትናንቱም በትሕትና ወደ ልጁ አዙሮ ከፍ አድርጎ ያዘለት።

ግርማ መጽሐፉን አይቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ግርማ» አልኩት ቀስ ብዬ። ያ ድምፄ ከእንጨቱ ይብሳል።

ልጁ ግራ ቀኝ አየ። ከዚያ ለዲሬክተሩ ጀርባውን ሰጠ። እግሮቹን አራራቀ። ጎንበስ አለና ራሱን በእግሮቹ መካከል አሾልኮ ወደ መጽሐፉ ማየት ጀመረ።

ከሰልፉ አንዲት እናት «ውይ፣ እንግዳ ሊመጣባቸው ነው» አለች። ግርማ አፉን ሊከፍት ሲል በወገቡ ይዤ አነሣሁት። እስከ ዛሬ የምቆጭበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ አፉን ይክፈት ብዬ ትንሽ ብታገሥ ኖሮ ታሪኩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ዲሬክተሩ መጽሐፌን ከድኖ መለሰልኝ። «አቶ ወልዴ፣ እኔ አልቆጣም። ልጅዎ ግን ገና ጨዋታ አልጠገበም። ነገ መዋለ ሕፃናት ይውሰዱት። ወይዘሪት ሮማን አይታ ‹ደርሷል› ካለችኝ እመዘግበዋለሁ። መዝገቡ ዓርብ ይዘጋል።»

እንግዲህ አስቡት። የእንቅልፍ አስተማሪ ብዬ በከተማው ፊት የሰደብኩት ቤት በልጄ ላይ ሊፈርድ ነው። ሌሊቱን ብዙም አልተኛሁም።

ረቡዕ ጠዋት በጭቃው እየተንሸራተትን መጋዘኑ ደረስን። ወይዘሪት ሮማን በሩ ላይ ተቀበለችን። ከደሴ የመጣች፣ ቀይ ሹራብ የለበሰች ልጅ እግር ናት። አንድ ሕፃን ቀሚሷን ይዞ፣ ሌላው እግሯ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ምን ምን ያውቃል?» አለችኝ።

«ያነባል። መልእክተ ዮሐንስን ሊጨርስ ነው።»

«ጎበዝ። መጫወትስ ያውቃል?»

«እሱን አላስተማርኩትም።»

ሣቋን በመሐረቧ ሸፈነች። «እንግዲያው ዛሬ እዚሁ ይዋል። እርስዎም አይሂዱ ጋሽ ወልዴ። ሳያዩ የተናገሩትን አይተው ይናገሩ።» ወሬዬ ከእኔ ቀድሞ ደርሷታል ማለት ነው።

የሰጠችኝ መቀመጫ ለሕፃናት የተሠራች፣ ከፍታዋ ስንዝር የምታክል አግዳሚ ናት። ስቀመጥ ጉልበቴ ጆሮዬን ነካ። ምዝገባው በጉልበት ቢሆን ኖሮ እኔ አልፌ ነበር። ዙሪያዬን አየሁ። አንዱ ገብስ ከቆርቆሮ ወደ ቆርቆሮ ይገለብጣል። ሲሞላ ያፈስሰዋል፤ ሲያፈስስ እንደገና ይሞላዋል። በንግድ ዓይን ካያችሁት የሚያስለቅስ ሥራ ነው። ሁለት ልጆች ውኃ ላይ ቡሽና ድንጋይ እየጣሉ የትኛው እንደሚሰምጥ ይከራከራሉ። አንዱ ደግሞ ምንም ሳያደርግ መሬት ላይ ተኝቶ ጣሪያውን ያያል፤ ማንም «ተነሥ» አይለውም።

አንዲት ጉንጯ የቀላ ልጅ መጥታ ፊቴ ቆመች። ጫልቱ ትባላለች።

«አባባ፣ አንተ አዲስ ልጅ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ለምን አታለቅስም? አዲስ ልጅ ያለቅሳል።» መልስ ሳትጠብቅ በቅጠል ላይ የጭቃ ዳቦ አቀረበችልኝ። «ብላ።»

«ይህ ጭቃ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች፣ እንደ ሞኝ እያየችኝ። «እንዲህ ነው የሚበላው።» አፏ አጠገብ አድርጋ ኛም ኛም አለች። ወይዘሪት ሮማን ከሩቅ ታየኛለች። ወገኖቼ፣ እኔ ወልዴ፣ ስኳር ሲመዘን ደንበኛ እንኳ እንዳይስቅ የማደርግ ሰው፣ ቅጠሉን ተቀብዬ ኛም ኛም አልኩ።

«ጨው አነሰው?» አለችኝ።

«ደህና ነው» አልኩ።

ግርማ እስከዚያ ድረስ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እኔን ያያል፣ ልጆቹን ያያል። ከዚያ ጥግ ላይ ያለች ባዶ ሣጥን አየ። ሄደ፣ ጎተታት፣ ከፊቱ አቆማት። ቆርቆሮዎቹን ሰብስቦ በላይዋ ደረደረ። አንድ እንጨት ፈልጎ በብብቱ ያዘ። ጉሮሮውን ጠረገ። የጠረገው እንደ እኔ ነው። ያንኑ ጊዜ ሱቅ መሆኑ ገባኝ፤ ባለ ሱቁም እኔ መሆኔ ገባኝ።

ልጆቹ ተሰለፉ። «እጅሽን ከጨርቁ አንሺ፤ ሊገዛ የመጣ በዓይኑ ይገዛል» አላት አንዷን። «አንተ ደግሞ አፍህን ዝጋ፤ ዝንብ ስኳር ይበቃዋል» አለው ሌላውን። ሁሉም የእኔ ቃላት ናቸው። በሱቄ ውስጥ ስናገራቸው ብልህነት ይመስሉኝ ነበር። በዚያ ቀጭን ድምፅ ሲወጡ ግን አግዳሚዋ ላይ ላብ አጠመቀኝ።

ከዚያ ጫልቱን ከሣጥኑ ማዶ በድንጋይ ላይ አቆማት። «አሁን ትምህርት ነው» አላት። ከወለሉ የጋዜጣ ቁራጭ አንሥቶ ሣጥኑ ላይ ዘረጋ። አየው፣ ቅር አለው፣ አዞረው፣ እንደገና አየውና ተስማማው። እንጨቱን ጧ አደረገ።

«ይህቺ ማን ናት?»

«ዶሮ» አለች ጫልቱ።

ጧ! «ዶሮ አይደለችም። ትምህርት ቀልድ አይደለም። እኔ እዚህ የደረስኩት እየሳቅሁ አይደለም።»

«የት ደረስክ?» አለችው።

ወይዘሪት ሮማን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ግን ሌላ ነገር አይቼ ነበር። ጋዜጣው ተገልብጧል። ከግርማ በኩል የፊደሎቹ እግር ወደ ሰማይ ነው። ያስተማርኩት ልጅ ሰው ፊት ጋዜጣ ገልብጦ መያዙ አሳፈረኝ።

«ግርማ፣ ገልብጠኸዋል።»

«አልገለበጥኩም፣ አባዬ።»

«ገልብጠሃል እኮ። አዙረው!»

ታዘዘና አዞረው። አየው። ፊቱ ልክ በዲሬክተሩ ቢሮ እንደነበረው ሆነ። «አሁን የእነሱ ዓይነት ሆነ» አለኝ። መልሶ ገለበጠውና ጣቱን ከቀኝ ወደ ግራ እየነዳ አነበበ። «በየአውራጃው የሚሠራው መንገድ… ለገበሬው እህል…» ወረቀቱ እስከ ተቀደደበት ድረስ ሄደ።

ወይዘሪት ሮማን ሣቋ ቆመ። በመጀመሪያ በቃሉ የያዘው መሰላት መሰለኝ። ከሰል አንሥታ በካርቶን ላይ ቃል ጻፈችና ሰጠችው። ግርማ ካርቶኑን ተቀበለ፣ ላዩን ወደ ታች አድርጎ ገለበጠው፣ «ጫልቱ» ብሎ አነበበ።

«እኔ ነኝ!» አለች ጫልቱ።

መምህርቷ ወደ እኔ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። «ጋሽ ወልዴ፣ ሲያስተምሩት የት ነው የሚቆሙት?»

«የት እቆማለሁ? ከባንኮኒው ኋላ።»

«እሱስ?»

«እሱማ ከባንኮኒው…» አልኩና ቀረሁ።

ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የገባኝ፤ ውኃ በጣሪያ ቀዳዳ እንደሚገባ። መጽሐፉን ዓመት ሙሉ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ፊቱም ወደ እኔ ነበር። ልጄ ከማዶ ሆኖ ፊደሉን ሁሉ ተዘቅዝቆ አየው፤ ተዘቅዝቆ ለቀመው፤ ተዘቅዝቆ አነበበው። መጽሐፍ በእጁ እንዳይነካ ስለ ከለከልኩ አንድ ቀን እንኳ አዙሮ የማየት ዕድል አላገኘም። «የእነሱ ሌላ ነው» ሲለኝ እውነቱን ነበር የነገረኝ። በየመንገዱ እያጎነበሰ በእግሮቹ መካከል ያይ የነበረውስ? ታፔላ ነበር የሚያነበው። የቡና ቤቱን፣ የመድኃኒት ቤቱን፣ የልብስ ሰፊውን። እኔ ስለ ማንበቡ ጆሮውን ስቆነጥጥ፣ እናቱ ስለ ማንበቡ ሽሮ ስታቀጥን ኖረናል።

ወይዘሪት ሮማን መሬት ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ ግን የያዘኝ ኀፍረት አልነበረም፤ በቶሎ የመጣብኝ ድል ነው። ልጄ ያነባል! መዝገቡ አልተዘጋም። እጁን ያዝኩ።

«ቆይ ጋሽ ወልዴ፣ ልጁ እኮ ገና…» አለችኝ። አልሰማኋትም። በጭቃው ላይ እያንጠለጠልኩት ዲሬክተሩ ቢሮ ገባሁ።

«መጽሐፉን ያውጡ።»

«አቶ ወልዴ፣ ደግመን?»

«ያውጡት። አሁን ወደ ልጁ አያዙሩት። ወደ ራስዎ ያድርጉት።»

«ወደ እኔ?»

«ወደ እርስዎ።»

ግርማ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ንባቡን እንደ ውኃ አፈሰሰው። ዲሬክተሩ መጀመሪያ መጽሐፉን፣ ቀጥሎ ልጁን፣ ቀጥሎ ራሱን ዘንበል አድርጎ እንደገና መጽሐፉን አየ። ሰልፉ ሁሉ ቢሮው ውስጥ ገብቶ ነበር። «በአገሬ አንድ ዳዊት በብዙ ተማሪ ሲከበብ፣ በመጽሐፉ ራስጌ በኩል የተቀመጠው እንዲህ ይማራል ሲባል ሰምቻለሁ» አለ በመጨረሻ። «በዓይኔ ሳይ ግን ዛሬ መጀመሪያዬ ነው።» እስክሪብቶውን አነሣ። «ያነባል። ከፈለጉ እመዘግበዋለሁ። ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ሰሌዳውን ገልብጬ ልስቀለው፣ ወይስ ልጁን ከጣሪያው ላይ ላንጠልጥለው?»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። ይመዝገብ ካልኩ በገበያው ፊት ቃሌ ይጠበቃል፤ ልጄ ግን በትልልቆች መካከል በየቀኑ እያጎነበሰ ሊያነብ ነው። ወደ ግርማ ዞርኩ። እሱ ስለ እኛ አላሰበም። አንዴ በአንዱ እግሩ፣ አንዴ በሌላው እየቆመ በሩን ያያል።

«ሽንትህ መጣ?»

«አይ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«አባዬ፣ ሱቄን ከፍቼ ነው የመጣሁት።»

«የትኛውን ሱቅ?»

«የኔን። ጫልቱ ትጠብቃለች፤ ግን እሷ ለለመነ ሁሉ ዝም ብላ ትሰጣለች።»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ጭንቀት የእውነት ነጋዴ ጭንቀት ነው። እኔም ነጋዴ ነኝና ልገስጸው አልቻልኩም። እስክሪብቶውን ከዲሬክተሩ እጅ ወስጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «ዘንድሮ ይቆይ» አልኩት።

መንገዱን በሩጫ ወረድን፤ ልጁ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ስንደርስ ጫልቱ ገብሱን በሙሉ አድላ ጨርሳ ባዶ ሱቅ ላይ ተቀምጣለች። ግርማ ቆርቆሮዎቹን አየ። እንደ እኔ ሊቆጣ ጉሮሮውን ጠረገ። ጫልቱ ግን ቀድማ «ሁሉንም ሸጥኩልህ! ማንም አልከፈለም» አለችውና ልጄ ሳቀ። ሆዱን ይዞ እስኪቀመጥ ሳቀ። ሣቁ የእናቱን እንደሚመስል ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ወይዘሪት ሮማን ፊደሉን ለማቅናት አልቸኮለችም። ለብዙ ጊዜ ፊደል የሚባል አላሳየችውም። ዶሮና ድስት፣ ሰውና ዛፍ እየሳለች እግሩ የት ነው፣ ራሱ የት ነው ትለው ነበር። ውኃ የሞላ ቆርቆሮ ሲዘቀዘቅ ምን እንደሚሆን በሸሚዙ ላይ ተማረ። ከዚያ አንድ ቀን ፊደሎችም እግር እንዳላቸው ራሱ ነገራት። ከተማው ደግሞ እኔን አልተወኝም። ኦቦ ቱፋ ለወራት ሱቄ በር ላይ እየቆመ «ያ ወልዴ፣ ማንበብ ልማር ነው፤ በየት በኩል ልቁም?» ይለኝ ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ጨዋታ ሁሉ ትምህርት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ እስከዚያ አልሄድም፤ ልጅ ሥርዓት ያስፈልገዋል፣ ይህን አልለውጥም። ነገር ግን ዓመት ሙሉ ሳስተምረው ያላየሁትን ነገር፣ ልጁ ለግማሽ ቀን ሲጫወት አየሁት። ሲያነብልኝ የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው። ሲጫወት ግን ቆሞ የነበረበትን ቦታ አሳየኝ። ትንሽ ልጅ «እኔ እንዲህ ነው የሚታየኝ» ብሎ አይነግራችሁም። እንደዚያ የማይታየው ሰው መኖሩንም አያውቅም። እኔ ይህን የተረዳሁት በአንድ ጋዜጣ ቁራጭና በአንዲት አፈኛ ልጅ ምክንያት ነው፤ ባይሆን ኖሮ ልጄን ደንቆሮ ወይም ውሸታም ብዬ እፈርድበት ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡትን ሦስቱን ልጆቼን ሳስተምር ባንኮኒውን ዞሬ ከጎናቸው ተቀምጫለሁ። መጽሐፉንም ለእነሱ እሰጥ ነበር። ሁለት መጽሐፍ ተቀዷል። ይሁን።

የዚያን ረቡዕ ማታ ሱቁን ስዘጋ አንድ ነገር አደረግሁ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። መልእክተ ዮሐንስን ባንኮኒው ላይ እንደ ወትሮው ዘረጋሁና ዞሬ ልጄ በሚቆምበት በኩል ሄድኩ። ሣጥኑ ስለማይችለኝ ከጎኑ ተንበረከክሁ። አንድ መስመር ላንብብ አልኩ። ሁለተኛው ቃል ላይ ቀረሁ። ተመለስኩ፤ ጀመርኩ፤ እንደገና እዚያው ቀረሁ። አስካለ «ምን እየሠራህ ነው?» ብላ እስክትጠራኝ ድረስ አንዱን መስመር አልጨረስኩም።

የምለው ውሸት ከመሰላችሁ ይህን የያዛችሁትን ወረቀት አሁን ዘቅዝቁትና ከቀኝ ወደ ግራ አንድ መስመር ሞክሩ። ሲከብዳችሁ አስታውሱ፤ እኔን ሳይሆን ያንን የአምስት ዓመት ልጅ። አንድም ቀን ከብዶኛል አላለኝም።